“ዘመድ ነው የሠራልን!” … ይሉኝታ በጭስ ማውጫ ሲገባ

እዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የፍቅር ጉዳይ ነው። ትዳር፣ ቅናት፣ የአማትና የምራት ነገር፣ የውፍረትና የቅጥነት ጣጣ… እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ስለ ቱቦ ነው። አዎ፣ ስለ ቱቦ! አትሳቁ፤ ገጹንም ለመግለጥ አትቸኩሉ። ጉዳዩ ውስጥ ትዳርም አለ፣ ዘመድም አለ፣ ይሉኝታም አለ። ሞትም አለበት።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ከካናዳ ጋር የሚዋሰን፣ በብርዱ የታወቀ ግዛት ነው። እንጀራዬ የቤት ማሞቂያ መትከልና መጠገን ነው። እዚህ በበረዶው ወራት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድባቸው ሌሊቶች ብርቅ አይደሉም። እንዲህ ባለ ሀገር ቤትን ቤት የሚያደርገው ሶፋው ወይም ቴሌቪዥኑ ሳይሆን፣ ምድር ቤት ውስጥ የቆመው «ፈርነስ» የሚባለው ነገር ነው። ቁም ሳጥን የሚያህል የብረት ሳጥን በሉት። በቧንቧ የመጣውን ጋዝ ያቃጥልና አየሩን አሙቆ በየክፍሉ ያሰራጫል። ስለዚህ ውጭ ያላችሁም፣ ውጭ እህት ወንድም ያላችሁም፣ ነገ ለመሄድ ሻንጣ የምታሰናዱም ብታነቡት አይከፋም።

እሳት ይተነፍሳል

አያቶቻችን ጎጆ ውስጥ እሳት አንድደው ያድሩ ነበር። ጭሱ ዓይን ቢያስለቅስም በሣር ክዳኑ መሀል ሾልኮ ይወጣል፤ አዲስ አየር ደግሞ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ቤቱ ራሱ ወንፊት ነበር። የዛሬው የሚኒሶታ ቤት ግን እንደ ፔርሙዝ የታሸገ ነው። ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ መስኮቱ ድርብ፣ በሩ ጎማ የተገጠመለት፣ ግድግዳው በጥጥ መሰል ነገር የታጨቀ። እዚያ ውስጥ ጋዝ ሲነድ እሳቱ በየት ይተንፍስ?

የድሮው ፈርነስ የሚተነፍሰው ከቤቱ ከራሱ ነው። እናንተ ከምትተነፍሱት አየር ይወስድና ጭሱን በብረት ቱቦ ወደ ጡብ ጭስ ማውጫው ይልካል። ጭሱ በጣም ትኩስ ስለሆነ ቀላል ነው፤ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል። ችግሩ ወጥ ቤት ውስጥ ኃይለኛ የጭስ መሳቢያ ሲከፈት ይመጣል። እኛ ደግሞ ቀይ ሽንኩርት ስናቁላላ፣ በርበሬ ስናንተከትክ፣ ሽታው ልብሳችን ላይ እንዳይቀር ትልቁን መሳቢያ እንገዛለን። መሳቢያው ከቤት ውስጥ የሳበውን አየር የሚተካ ሌላ አየር ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። መስኮቱ ዝግ፣ በሩ ዝግ ከሆነ የት ይሂድ? በጭስ ማውጫው በኩል ይመጣል! መውጣት የነበረበት የፈርነሱ ጭስ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ የድሮው ዓይነት ያላችሁ፣ ትልቁ መሳቢያ ሲሠራ መስኮት ከፈት ማድረግ የግድ ነው።

አዲሱ ዓይነት ይህንን ለመፍታት ሁለት የራሱ አፍንጫ አለው። ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ አንዱ ንጹህ አየር ያስገባል፣ ሌላው ጭሱን ያስወጣል። ፕላስቲኩ አይቀልጥም ወይ? አይቀልጥም። አዲሱ ፈርነስ ከጋዙ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን አሟጦ ስለሚጠቀምበት የሚወጣው ጭስ ለብ ያለ ነው። እንዲያውም ከመቀዝቀዙ የተነሳ ውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ይለወጣል። ይህ ውሃ አሲድነት አለው። የድሮውን ብረት ይበላል፣ ጡቡን ይፈረፍራል። አዲሱን ፈርነስ ወስዶ በድሮው ጭስ ማውጫ ላይ መቀጠል የማይቻለውም ለዚህ ነው። በተቃራኒው የድሮው ፈርነስ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ የገጠመ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ እሱን ባልናገር ይሻላል።

«ጋሼ እያለ ምን ፐርሚት አስፈለገ?»

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ሴንት ፖል ውስጥ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ቤት ገዙ። ስማቸው ይቅር። የገዙት ቤት አሮጌ ነበር፤ ፈርነሱም እንደዚያው። ኩባንያዎችን ዋጋ ሲጠይቁ የተነገራቸው ገንዘብ ራሳቸውን አስያዛቸው። ይህን የሰማ የሚስትየዋ የአጎት ልጅ፣ በዕድሜ ሁለቱንም የሚበልጥ፣ አሜሪካ ሲገቡ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላቸው፣ መጀመሪያ ሥራ ያስገባቸው ሰው፣ «እንዴ! እኔ እያለሁ?» አለ። በግንባታ ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፈ ነው። ቧንቧ ይሠራል፣ ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፤ እጁ ወርቅ ነው ይባላል። ፈርነሱን በቅናሽ ገዛ፣ አንድ ቅዳሜ መጣ፣ ማታ ላይ ቤቱ ሞቀ። ዶሮ ወጥ ቀረበ፣ ተመረቀ፣ ተሳመ።

ባልየው «ጋሼ፣ ከከተማው ፈቃድ ማውጣት የለብንም ወይ?» ብሎ ጠይቆት ነበር አሉ። የተሰጠው መልስ ሳቅ ነው። ደግሞ መጠየቅ ነውር ሆነበት። በነጻ የሠራልህን ሰው፣ ያውም ታላቅህን፣ «ሥራህን ሌላ ሰው ይይልኝ» እንዴት ትለዋለህ?

ወር ሳይሞላ፣ ምድር ቤት የሚተኛው የሚስትየዋ ታናሽ ወንድም ራሱን ያመው ጀመር። ከሀገር ቤት ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ራሱ ይፈነዳል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ሥራ ሄዶ ጥቂት ሲቆይ ይለቀዋል። አንዱ «የሰዓት ልዩነቱ ነው» አለው። ሌላው «ቡና ስለቀነስክ ነው» አለው። እናት ከአዲስ አበባ በስልክ «የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ይጠጣ» አሉ። ፈርነሱም በበኩሉ አመል አወጣ፤ ይነሳል፣ ይንተከተካል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። እኔ የተጠራሁት ለልጁ ራስ ምታት ሳይሆን ለፈርነሱ ማንተክተክ ነው።

እንደ ልማዴ መለኪያዬን ይዤ ገባሁ። ልጁ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ቁጥሩ 52 ላይ ቆመ። ይህ ማለት ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 52ቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። መሆን የሚገባው ዜሮ ወይም ለዚያ የቀረበ ነው። ጋዙን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጣኋቸው፤ የጋዝ ድርጅቱም ተጠራ። ልጁን ሆስፒታል ወሰዱት፣ ኦክስጅን ተሰጠው፣ በማግስቱ ተመለሰ። ዛሬ ደህና ነው።

ይህ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ነገር ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ከቃጠሎ አደጋ ውጭ በዚህ ጋዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ አሜሪካውያን ይሞታሉ፤ ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳሉ። ምልክቱ ጉንፋን ይመስላል፤ ግን ትኩሳት የለውም። ከቤት ስትወጡ የሚለቃችሁ፣ ስትመለሱ የሚይዛችሁ፣ የቤቱን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያም «ጉንፋን» ካለ ጠርጥሩ።

ቱቦው ምን ሆኖ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ዝርዝሩ ነው ሰው የሚያድነው።

አንደኛ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦው ከፈርነሱ ተነስቶ እስከ ግድግዳው ሲሄድ እየወረደ እየወጣ ነበር፤ መሀሉ ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። ያ ያልኳችሁ ውሃ እዚያ ተጠራቅሞ ሐይቅ ሠርቷል። ማንተክተኩ እሱ ነው። ትክክለኛው አሠራር ቱቦው ከውጭው ግድግዳ ወደ ፈርነሱ በኩል ያለማቋረጥ ማዘቅዘቅ አለበት። ብዙ አምራቾች የሚጠይቁት በእያንዳንዱ ጫማ ሩብ ኢንች ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እንዳይረግብ ደግሞ በየአንድ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ማንጠልጠያ ይደረግለታል። ውሃው ወደ ፈርነሱ ተመልሶ በራሱ ማስወገጃ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል።

ሁለተኛው የባሰው ነው። ከልጁ አልጋ በላይ ባለው ጣሪያ ውስጥ አንዱ መገጣጠሚያ ማጣበቂያ አልተቀባም። እንዲሁ ተሰክቶ ቀርቷል! «በኋላ እመለስበታለሁ» ተብሎ የተረሳ ይመስለኛል። ፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ሲቆረጥ ጠርዙ ይላጋል፣ ይጸዳል፣ መጀመሪያ ፕራይመር የሚባለው ፈሳሽ ይቀባል፣ ቀጥሎ ማጣበቂያው፤ ከዚያ ገፍቶ ትንሽ አዙሮ ጥቂት ሰኮንድ ይዞ መቆየት ነው። እዚህ ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ፕራይመር ሐምራዊ ቀለም አለው። ኢንስፔክተሮች ሲመጡ ቀና ብለው መጀመሪያ የሚፈልጉት ያንን ሐምራዊ ቀለበት ነው። የሚያምር ነገር አይደለም፤ ግን እኔ ሳየው ደስ ይለኛል። ካናዳ ያላችሁ ደግሞ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ተራ ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ እንደማይፈቀድ እወቁ፤ ለጭስ ማውጫ የተፈተነና «ኤስ 636» የሚል የታተመበት መሆን አለበት።

ሦስተኛው ውጭ ነው። ጋሼ ሁለቱን ቱቦዎች ያወጣቸው ከኋላ ባለው የእንጨት ሰገነት ሥር ነው፤ «ከፊት ለፊት ሲታይ ያስጠላል» ብሎ። አፋቸው ተቀራርቦ ትይዩ ሆኗል። ሰገነቱ ደግሞ ከላይ ክዳን ሆነባቸው። አንዱ የሚተፋውን ሌላው ይውጠዋል! እሳቱ የራሱን ጭስ መልሶ ሲተነፍስ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ኦክስጅን ያነሰው እሳት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድን በብዛት የሚፈጥር እሳት ነው። ይህ የተመረዘ ጭስ ባልተጣበቀው መገጣጠሚያ በኩል ልጁ ላይ ይወርዳል። አያችሁ? አንዱ ጥፋት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ፈርነሱን አስቸግሮ ያልፍ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሰው የሚገድሉት።

ከዚህም ሌላ ቱቦዎቹ ከመሬት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጡም። እዚህ አንድ ሌሊት የጣለ በረዶ ያንን ይቀብረዋል። የተለመደው መመሪያ በአካባቢው ከሚጠበቀው የበረዶ ከፍታ በላይ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመሬት አይደለም፣ ከበረዶው! አየር ማስገቢያው አፉን ወደ ታች ይደፋል፤ ማስወጫው ከግድግዳው ርቆ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ላይ ይሆናሉ፤ አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ ከሆነ ነፋስ ያጫውታቸዋል። በመካከላቸው አምራቹ ያዘዘው ርቀት ይኖራል። ከሚከፈት መስኮትና በር፣ ከጋዝ ቆጣሪ፣ ከልብስ ማድረቂያ ማስወጫ ይርቃሉ። ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይም አይደረግም፤ የሚወጣው እንፋሎት በረዶ ሆኖ ሰው ይጥላል። ወፍ እንዳይገባ ብላችሁ አምራቹ ያልፈቀደውን ወንፊት እንዳትወትፉበት፤ ውርጭ ይዞት ይደፈናል።

ደግሞ ርዝመት አለ። ፈርነሱ ውስጥ ጭሱን የሚገፋ ትንሽ ማራገቢያ አለ፤ አቅሙ የተወሰነ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መታጠፊያ እንደ ብዙ ጫማ ቀጥ ያለ ቱቦ ይቆጠራል። መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ሠንጠረዥ አለ፤ ከዚያ ካለፋችሁ ወይ ቱቦውን ማስፋት ነው ወይ መንገዱን ማሳጠር። መንገዱ ሲደፈን ፈርነሱ ራሱን የሚያጠፋበት የግፊት ማብሪያ አለው። አንዳንድ «ባለሙያ» ፈርነሱ እየጠፋ ሲያስቸግረው ይህንን ማብሪያ በሽቦ ያልፈዋል። እንዲህ ያደረገ ሰው ቤታችሁ ሁለተኛ አይግባ።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የድሮው ፈርነስ ሲነሳ ውሃ ማሞቂያው ብቻውን ትልቁ ጭስ ማውጫ ላይ ይቀራል። ለሁለት የተሠራ ጉሮሮ ለአንድ ሲሆን ይሰፋበታል፤ ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ መውጣት ያቅተዋል። ጭስ ማውጫው ውስጥ ጠበብ ያለ የብረት ቱቦ ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል። ፈርነስ ስታስቀይሩ «ውሃ ማሞቂያውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ራሱ ሠራተኛውን ያስደነግጠዋል!

ታዲያ ጋሼን ምን እንበለው?

እኔ ሥራውን አፍርሼ እንደገና ስሠራ ጋሼ መጣ። መጀመሪያ ተቆጣ። «ሃያ ዓመት ቧንቧ ስሠራ ማንም ሞቶብኝ አያውቅም» አለ። ያልተጣበቀውን መገጣጠሚያ በእጄ ነቅዬ ሳሳየው ዝም አለ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ መሰላሉን ያዘልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ደግ ነው። ጣጣው የመጣው ከደግነቱ ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆንማ ማን ያፍረው ነበር?

የእኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። ለዘመድ «አላምንህም» ማለት ከባድ ከሆነ ኢንስፔክተሩን አሳቡበት። «ጋሼ፣ ባንኩ አስቸገረን፣ ኢንሹራንሱ ካላየ አይሆንም አለ፣ ቤቱን ስንሸጥ ይጠይቁናል» በሉት። ውሸትም አይደለም፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ኢንሹራንስና ሽያጭ ላይ በእርግጥ ጣጣ ያመጣል። የፈቃዱ ዋጋ ከፈርነሱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ በዚያ ዋጋ ይሉኝታ የሌለው ሰው ይመጣላችኋል! መንግሥት ሰው ልኮ «ይህ ይፍረስ» ሲል ዘመድ አይቀየምም፤ መንግሥትን አብራችሁ ታማላችሁ።

ለተከራዮችም አንድ ቃል አለኝ። አዲስ የገባ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚከራየው ምድር ቤት፣ ከፈርነሱ ጎን ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ቤቱ የሌላ ቢሆንም ሳንባው የእናንተ ነው። ውጭ ወጥታችሁ ሁለቱን ቱቦዎች ፈልጓቸው። በረዶ ሲጥል አካፋ ይዛችሁ ጥረጉላቸው። ፈርነሱ ባለበት ክፍል ውስጥ በረኪና፣ ቀለም፣ ቤንዚን አታስቀምጡ፤ ከቤት ውስጥ አየር የሚስብ ከሆነ የበረኪናው ትነት ፈርነሱን ይበላዋል፣ ቤንዚኑ ደግሞ እሳት ያመጣል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ ፈርነሱ በጋዝ ቢሠራም ያለ ኤሌክትሪክ አይነሳም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ሲያትል አካባቢ በዐውሎ ነፋስ መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱና ጄኔሬተር ያስነሱ ብዙ ስደተኞች ተመርዘው ሆስፒታል ገቡ፤ የሞቱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስን ብርድ ሲያንቀጠቅጣት፣ ሂዩስተን ውስጥ የሚኖር አንድ የሀገራችን ቤተሰብ ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ መኪና አስነስቶ ለመሞቅ ሞከረ፤ እናትና ትንሿ ልጇ ሞቱ። ይህን ስታነቡ «አሜሪካ ነው» እንዳትሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ያው ራሱ ጋዝ ነው። ለከሰል ቱቦ አይሠራለትም፤ በር ከፍቶ ማንደድ፣ ሳይተኙ አውጥቶ ማጥፋት ነው።

ደወሉን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። ሚኒሶታ ውስጥ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ፣ ማለትም በ3 ሜትር ክልል ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል መኖሩ በሕግ የታዘዘ ነው። ነገር ግን ደወሉ ዝም ማለቱ ብቻውን አያስተማምንም። የአሜሪካው መለኪያ በ70 እጅ ላይ ደወሉ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲጮኽ ነው የሚጠይቀው፤ በ400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። ያ ልጅ ክፍል ውስጥ የነበረው 52 ደወሉን ጭራሽ ላያስጮኸው ይችል ነበር። በዚያ ላይ ደወሉ ያረጃል፤ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው ዕድሜው። እነዚያ ባልና ሚስት ግድግዳቸው ላይ ደወል ነበራቸው፤ የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ፣ ጊዜው ካለፈ ስድስት ዓመት የሆነው።

ከጮኸ፣ ሁሉም ሰው ይውጣ፤ ድመትም ካለች ይዛችሁ ውጡ። ውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ። ኮት ረሳሁ ብላችሁ አትመለሱ። ውጭ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት ስትደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ «ደወሉን ከግድግዳው አውርደህ ጀርባውን እየው፤ የተሠራበትና የሚያበቃበት ዓመት ስንት ይላል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።